በመርካቶ የሰማሁት የዓለም የስልክ ሕግ

እኛ ኮምቦልቻዎች መርካቶን የምናውቀው በዕቃው ነው። ጫማችን ከዚያ ይመጣል፣ የመጋረጃችን ጨርቅ ከዚያ ይመጣል፣ የባጃጅ መስታወት ሲሰበር «መርካቶ ይገኛል» እንባላለን። ቦታውን ግን ብዙዎቻችን አላየነውም። እኔም እስካለፈው ወር ድረስ አላየሁትም ነበር። አሁን አምስት ቀን ቆይቼ ስለመጣሁ፣ መሄድ ለማይሆንላችሁ ሁሉ የገጠመኝን ልንገራችሁ። የሄድኩት ግን ለዕቃ ብቻ አልነበረም። ሕግ ፍለጋ ነው የሄድኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ በአንድ የአሽከርካሪዎች ማሠልጠኛ ውስጥ አስተማሪ ነኝ። አንድ ቀን እየነዱ ስልክ መያዝ ክልክል መሆኑን ሳስረዳ፣ ከሠልጣኞቹ አንዱ እጁን አውጥቶ ይሄ የእኛ አገር ጣጣ ብቻ ነው ወይስ ሌላውም ዓለም እንዲህ ነው ብሎ ጠየቀኝ። ሁሉም ጋ ክልክል ነው አልኩት። «የት ለምሳሌ?» አለኝ። አንድ አገር መጥቀስ አቃተኝ። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ፣ ግን ቤቴ ስገባ ፊቴ ገና እንደጋለ ነበር። ኢንተርኔት ላይ ፈለግኩ። ረጅም የእንግሊዝኛ ዝርዝር ወጣልኝ። ገብቶኛል፤ ለተማሪ ሲነበብ ግን እንደ መድኃኒት ወረቀት ነው።

አባቴ ይህን ሲሰማ ሰይድ ጋ ሂጂ አለኝ። ጋሽ ሰይድ የአባቴ የልጅነት ጓደኛ ናቸው። ሐይቅ አብረው አድገው፣ እሳቸው ገና በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ገቡና መርካቶ ውስጥ የመኪና ዕቃ አስመጪ ሆኑ። አባቴ እንደሚለው የመርካቶ ነጋዴ ያልረገጠው አገር የለም፤ ሕጉን ከወረቀት ሳይሆን ከተቀጣ ሰው ትሰሚያለሽ። ማሠልጠኛችንም የሚያንጸባርቅ ሰደርያና የመንገድ ምልክት ሰሌዳ መግዛት ስለነበረበት ፈቃድ አገኘሁ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ማክሰኞ

አውቶቡሱ ሲነጋጋ ወጣ። ከሚሴ ላይ ፀሐይዋ መጣች፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ሙቀቱ እንደኛው አገር ሆነ፣ ደብረ ሲና ስንደርስ ደግሞ ሹራቤን ፈለግኩ። እዚያ ጎማ ፈነዳብንና አንድ ሰዓት ያህል ቆምን። እኔ ግን አልተከፋሁም፤ ትኩስ ቆሎ ገዝቼ ከጎኔ ከተቀመጡት እናት ጋር ተካፈልን። እሳቸውም ከያዙት ዳቦ ግማሹን ቆርሰው ሰጡኝ።

የመጀመሪያ ትምህርቴን ያገኘሁት እዚያው አውቶቡስ ላይ ነው። የሾፌሩ ስልክ ሲጠራ ሾፌሩ ዞር ሳይል ለረዳቱ ያቀብለዋል፤ ረዳቱ አንስቶ ጮክ ብሎ ያስተላልፋል። ጣርማ በርን አልፈን ሚስቱ ደወለች። ረዳቱ ሽንኩርት እንዳትረሳ ብላለች አለው። ሾፌሩ መሪውን እንደያዘ አልረሳም በላት አለ። ቀጥሎ ስንት ኪሎ የሚለው ጥያቄ መጣና መንገደኛው ሁሉ በኪሎው ላይ አስተያየት ሰጠ። ማስታወሻ ደብተሬን አውጥቼ «ረዳት ያለው ሾፌር ስልክ አይነካም» ብዬ ጻፍኩ። ለባጃጅ ሾፌር እንደማይሠራ የገባኝ ቆየት ብሎ ነው።

ላምበረት መናኸሪያ ስንደርስ ጋሽ ሰይድ ራሳቸው ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። ሻንጣዬን ከእጄ ቀምተው የአባቴን ጤና፣ የሐይቁን ውኃ፣ የዘንድሮውን ዝናብ ባንድ ትንፋሽ ጠየቁኝ። መኪናቸው አሮጌ ኮሮላ ናት። ቤታቸው ተክለ ሃይማኖት አካባቢ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው። ባለቤታቸው እትዬ ዘሃራ ሩዝና የበግ ቅቅል አዘጋጅተው ጠበቁኝ። ሰውነቴ ደክሞ ነበር፤ ግን ስለ ሕጉ ሳልጠይቅ መተኛት አልቻልኩም።

ጋሽ ሰይድ ሳቁና የዱባዩን ነገሩኝ። መኪና ተከራይተው ሲነዱ እትዬ ዘሃራ ከዚህ ይደውላሉ። አንስተው አንዲት ደቂቃ እንኳ ሳያወሩ ይዘጋሉ። መኪናውን ሊመልሱ ሲሄዱ ጸሐፊዋ ኮምፒውተሯን ወደሳቸው አዞረች። ፎቶው ላይ ጋሽ ሰይድ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው፣ አፋቸውን ከፍተው ይታያሉ። ያየ ፖሊስ የለም፣ ያስቆማቸው ሰው የለም፤ ካሜራው ነው ያነሳቸው። የገንዘብ ቅጣት አለ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ የአገሩ ሾፌር ከሆንክ መዝገብህ ላይ ጥቁር ነጥብ ይመዘገብብሃል። ከዚያ ወዲህ ዱባይ ላይ ስልካቸውን የኋላ ወንበር ላይ እንደሚያስቀምጡ ነገሩኝ። እትዬ ዘሃራ «ፎቶውን ማምጣት ነበረብህ፤ እዚህ ግድግዳ ላይ እንሰቅለው ነበር» አሏቸው።

ረቡዕ

ጠዋት ቁርሳችንን ፉል በልተን መርካቶ ገባን። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? የኮምቦልቻን ገበያ ቀን አስቡ፤ ከዚያ አሥር እጥፍ አድርጉትና ፎቅ ላይ ደርድሩት። አንድ መንገድ ሙሉ ሰሃን ብቻ ነው። ቀጥሎ ያለው ፍራሽ ብቻ ነው። ከየአቅጣጫው «ዞር በሉ፣ ጭነት ነው» እያሉ የሚመጡ ተሸካሚዎች አሉ፤ ጀርባቸው ላይ ካለው ዕቃ የተነሳ ፊታቸው አይታይም። እኛ ጋ መኪና ሲመጣ ሰው ጥግ ይይዛል። እዚህ ጥግ የሚባል ነገር የለም፤ ጥጉም ሱቅ ነው።

ጋሽ ሰይድ ከመኪና ዕቃው መካከል የስልክ መያዣ በካርቶን በካርቶን ይሸጣሉ። መስታወት ላይ የሚለጠፍ፣ የአየር ማስገቢያ ላይ የሚሰካ፣ በማግኔት የሚይዝ አለ። አንድ ለማሠልጠኛው ስጦታ ሰጡኝ። የራሳቸው ኮሮላ ላይ ግን አንድም የለም። ይህን አይቼ ለመናገር ፈራሁ፤ እንግዳ ነኝ፣ እሳቸው ደግሞ አባቴ የሚያከብራቸው ሰው ናቸው።

ከሱቃቸው ፊት ለፊት ሐጂ ከድር የሚባሉ የስልጤ ሰው አሉ፤ ከቻይና ቴርሞስና ብርጭቆ ያስመጣሉ። ጋሽ ሰይድ ለምን እንደመጣሁ ሲነግሯቸው ወንበር አስወጥተው አስቀመጡኝ። ጓንጁ ከተማ ላይ ዕቃቸውን የሚያመላልስላቸው አንድ ቻይናዊ ሾፌር ነበር። እዚያ ሾፌር ሁሉ በዓመት አሥራ ሁለት ነጥብ ይሰጠዋል አሉኝ፤ እየነዳ ስልክ ከያዘ ይቀነስበታል፣ ሌላም ጥፋት ካጠፋ ይቀነስበታል፣ ነጥቡ ሲያልቅ ተመልሶ ትምህርት ቤት ይገባል፤ የሳቸውም ሾፌር ገብቷል።

«ተመልሶ ትምህርት ቤት?» አልኩ። ለእኔ ለአስተማሪዋ ከዚህ የሚጣፍጥ ወሬ የለም። ሐጂ ከድር እጃቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው «ሽበታም ሾፌር፣ ከልጆች ጋር ወንበር ላይ ተቀምጦ። ከገንዘቡ ይልቅ እሱ ነው ያሳፈረው» አሉኝ።

ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ልሂድ ብዬ ወጣሁና ጠፋሁ። የገባሁት በቅመማ ቅመም በኩል ነበር፤ የወጣሁት በቆርቆሮ በኩል ነው። የጫማዬም ማሰሪያ ተበጠሰ። አንዲት መሊካ የምትባል ጨርቅ ነጋዴ ባንድ እግሬ ስንከላወስ አይታ ጠራችኝና ጫማዬን ይዛ ለሰፊ ላከችልኝ። እስኪመጣ ሻይ አዘዘችልኝ። ጨርቁን ከየት እንደምታመጣ ስጠይቃት ከኢስታንቡል አለችኝ። ከመቀመጫዬ ልነሳ ምንም አልቀረኝም። እዚያ ባለታክሲው ስልክ ሲያናግር ፖሊስ አስቁሞ ሲቀጣው አብራ ነበረች፤ ሾፌሩ ቀሪውን መንገድ ሁሉ በቱርክኛ ሲራገም እንደነበር አስመስላ አሳየችኝ። ጫማዬ ተሰፍቶ ሲመጣ ሂሳቡን አልቀበልም አለች። እስከ ጋሽ ሰይድ ሱቅ ድረስም ራሷ አደረሰችኝ። በሁለት ቀን ሦስት አገር አገኘሁ ብዬ ለአባቴ ደወልኩለት።

ሐሙስ

የሰሌዳውንና የሰደርያውን ግዢ ጠዋቱን ጨረስን። ለአባቴ ጋቢ ልግዛ ስል ጋሽ ሰይድ ሸማ ተራ ራሴ እወስድሻለሁ አሉኝ። በእግር የሚቀል መንገድ ነበር፤ እኔን ለማክበር ብለው በመኪና ሄድን።

መንገዱ የሰው ጎርፍ ነው፤ መኪናዋ የምትሄደው ከእግረኛ ቀስ ብላ ነው። ስልካቸው ጠራ። አነሱት። ጉምሩክ የደረሰ ዕቃ ነበራቸውና ጉዳዩ አጣዳፊ ነበር። አንድ እጃቸው መሪው ላይ፣ አንዱ ጆሯቸው ላይ ሆኖ አወሩ። እኔ ወደ ፊት እያየሁ ነበር። ትልቅ የጋቢ እስር የተሸከመ ሰው ከቀኝ በኩል፣ ከቆመ አይሱዙ ጀርባ ወጣ። «ጋሼ» አልኩ። ድምፄ ከአፌ ሲወጣ የመኪናዋ አፍንጫ ነክቶታል።

ሰውየው ወደ ጎን ወደቀ። ጋቢዎቹ መንገድ ላይ ተዘረገፉ። ወርጄ ስሮጥ ሰዉ ከቦታል፤ ግማሹ ሰውየውን ያነሳል፣ ግማሹ ጋቢዎቹን ከጭቃ ይሰበስባል። አርባ ዓመት የሚሆነው ጠንካራ ሰው ነው፤ ስሙ ደሳለኝ ነው። የቀኝ እጁን አንጓ በግራው ይዞ ጥርሱን ነክሷል። ጋሽ ሰይድ አጠገቡ ተንበርክከው ይቅርታ እያሉት ነበር፤ ስልካቸው አሁንም እጃቸው ውስጥ አለ።

አንዲት ወጣት ትራፊክ ፖሊስ መጣች። በአክብሮት ነው የጠየቀቻቸው። «አባት፣ ስልክ እያናገሩ ነበር?» አለቻቸው። ጋሽ ሰይድ ሰውየው ከአይሱዙው ጀርባ ድንገት እንደወጣ ተናገሩ። እውነት ነው፣ ወጥቷል። ለጥያቄው ግን መልስ አይደለም። ፖሊሷም ገባት መሰለኝ ወደ እኔ ዞረች።

«አንቺስ፣ አብረሻቸው ነበርሽ?»

ያን ጊዜ ያሰብኩትን አልደብቃችሁም። የበላሁትን ሩዝ አሰብኩ። አባቴን አሰብኩ። እኚህ ሰው ሻንጣዬን ቀምተው የተሸከሙ ናቸው። አላየሁም ማለት ይቻል ነበር፤ ከዚያ በላይ ማንም አይጠይቀኝም። ደሳለኝ ግን እጁን ይዞ እያየኝ ነበር።

«ስልክ እያናገሩ ነበር» አልኩ።

ጋሽ ሰይድ ቀና ብለው አላዩኝም። ፖሊሷ ጻፈች። እሳቸውም ፈረሙ።

ደሳለኝን ይዘን ጤና ጣቢያ ሄድን። አንጓው ተሰንጥቋል ተባለና በጄሶ ታሰረ። የሕክምናውን ወጪ ሁሉ ጋሽ ሰይድ ቻሉት፤ ጋቢዎቹንም ለዕቃው ባለቤት አጽድተው እንደሚመልሱ ቃል ገቡ። ከእኔ ጋር ግን አንዲት ቃል አልተነጋገሩም። ቤት እንደደረስን ወደ ክፍሌ ገብቼ ልብሴን ሰበሰብኩ። አንድ ፔንሲዮን ፈልጌ ላድር ቆርጬ ነበር። እትዬ ዘሃራ በሩ ላይ አገኙኝ። ሻንጣውን ተቀብለው መልሰው አልጋው ሥር አስገቡት። ከዚያ ሰይድ የተናደደው በራሱ ነው፣ ነይ ራትሽን ብዪ አሉኝ።

ጋሽ ሰይድ መግሪብ ሰግደው መጡና ተቀመጡ። አንድ ጉርሻ አንስተው መልሰው አስቀመጡት።

«ዱባይ ሰባት ጊዜ፣ ስምንት ጊዜ ነድቻለሁ» አሉ። «ከቀጡኝ ወዲህ አንዴም ስልክ ነክቼ አላውቅም። ዛሬ ሳስበው እዚያ የፈራሁት ካሜራውን ነው። መንገዱ ላይ ሰው ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም።»

 ያስቀመጡትን ጉርሻ አንስቼ ለሳቸው አጎረስኳቸው። እንደ አባቴ።

ዓርብ

ዓርብ ቀን አንዋር መስጊድ አካባቢ ምን እንደሚመስል ያላየ ሰው አይገምተውም። ከስድስት ሰዓት በፊት ጀምሮ ሱቆች ይዘጋሉ፣ መኪናው ይቆማል፣ ምንጣፉ ከመስጊዱ ወጥቶ መንገዱን ይሞላል። ትናንት እርስ በርስ ሲጋፋ የነበረው ሕዝብ በአንድ መስመር ቆሞ አንዲት ድምፅ የለም። እኛ ጋም ጁምዓ አለ፤ እንዲህ ያለ ብዛት ግን የለም።

ከሶላት በኋላ ጋሽ ሰይድ ጓደኞቻቸውን ወደ ሱቃቸው ጠሩ። ሐጂ ከድር መጡ፣ መሊካ መጣች፣ ሌሎች አራት አምስት ነጋዴዎችም መጡ። ደሳለኝንም ራሳቸው ሄደው አመጡት። ሳምቡሳና ሻይ ቀረበ። ጋሽ ሰይድ ቆሙና ትናንት ያደረጉትን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ አንድም ሳያሳንሱ ተናገሩ። ከዚያ «ይቺ ልጅ የዓለምን ሕግ ልትሰበስብ መጥታለች። ያወቅነውን እንንገራት፤ የማናውቀውን ደውለን እንጠይቅላት» አሉ።

ያ ከሰዓት በሕይወቴ ካየኋቸው ሁሉ ደስ የሚል ነበር። ሰው ሁሉ ስልኩን አወጣ። የአንዱ እህት ለንደን ናት፤ ድምፅ ማጉያው ላይ ሆና ቀይ መብራት ላይ ቆመሽ ብትነኪው እንኳ ትቀጫለሽ አለች። ወንድሟ ለምን ሲላት ሞተሩ እየሠራ ነዋ፣ እየነዳህ ነው ይሉሃል አለችው። የሌላው የአጎት ልጅ ፓሪስ ነው፤ እሱ ደግሞ ጆሮ ውስጥ የሚገባ ማዳመጫ ራሱ ክልክል ነው ሲል ሱቁ ተንጫጫ፣ ምክንያቱም ሁለቱ ነጋዴዎች እሱን ነው የሚሸጡት። ጃፓን የሚኖረው የሐጂ ከድር ወንድም እንቅልፍ ላይ ነበር፤ ተቀሰቀሰና በስልክ ምክንያት አደጋ ያደረሰ ሰው እስር ቤትም ሊገባ ይችላል አለ። አሜሪካ ያለ አንዱ ክፍለ ግዛቱ ሁሉ የየራሱ ሕግ እንዳለው፣ ድንበር ሲሻገር የሚፈቀደው እንደሚለወጥ ነገረን። ስዊድን ያለች የአንዱ ዘመድ ደግሞ አገሩ ሕጉን ያወጣው ከብዙዎቹ ዘግይቶ ነው፣ አሁን ግን በእጅ መያዝ ክልክል ነው አለች። እኔ እየጻፍኩ እጄ ዛለ። መሊካ ደብተሩን ተቀብላኝ ጻፈችልኝ።

ከዚህ ሁሉ መካከል ደሳለኝ ሻዩን በግራ እጁ ይጠጣ ነበር። ሐጂ ከድር አንተስ ምን ትላለህ ብለው ጠየቁት። መጀመሪያ እሱ የትም አገር እንዳልሄደ ተናገረ። ቆየት ብሎ ግን ወደ እኔ ዞረ።

«እህቴ፣ እኔ ጭነት ስሸከም ቀና ማለት አልችልም» አለ። «መኪናውን አላየውም። የማየው ጎማውን ብቻ ነው። ስለዚህ ሾፌሩ አይቶኛል ብዬ እሄዳለሁ። ሌላ ምርጫ የለኝም።»

 መሊካ እስክሪብቶውን እንደያዘች ይሄንንም ልጻፈው ወይ በሚል ዓይን አየችኝ። ጻፊው አልኳት። ከስዊድን ሥር ጻፈችው።

ጋሽ ሰይድ ያን ዕለት ደሳለኝ እጁ እስኪድን እሳቸው ጋ እንዲሠራ ተስማሙ። ሱቁ ደጃፍ ላይ ዕቃ ጭነው የሚመጡ መኪኖችን ያስገባል፣ ያስወጣል። ደሳለኝ ይህን ሲሰማ አሁን ደግሞ መኪናው እኔን ሊያዳምጥ ነው ብሎ ሳቀ። ከወደቀ በኋላ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው።

ቅዳሜ

እትዬ ዘሃራ ስንቄን በጨርቅ ቋጥረው፣ ለእናቴ ሽቶ፣ ለአባቴ ያልገዛሁትን ጋቢ ገዝተው ጠበቁኝ። ጋሽ ሰይድ ላምበረት ድረስ አደረሱኝ። መንገድ ላይ ስልካቸው ሁለት ጊዜ ጠራ። ኪሳቸው ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል፤ እሳቸው ስለ አባቴ የልጅነት ዋና ነበር የሚያጫውቱኝ፤ ወሬያቸውን አላቋረጡም። ስንሰነባበት ለአባትሽ የሆነውን ሁሉ አንቺው ንገሪው፣ እኔ ልነግረው አፍራለሁ አሉኝ። ነገርኩት። አባቴ እውነቱን በመናገሬ ደስ እንዳለው ነገረኝ፤ ሰይድም ከልጅነቱ ቶሎ ይጸጸት ነበር አለ።

ሰኞ ክፍል ገባሁ። የሰበሰብኩትን በትልቅ ወረቀት ላይ ጽፌ ለጠፍኩት፤ ማን ከየት እንደነገረኝም አብሬ ጻፍኩ፣ ሕግ ስለሚለወጥ። ዱባይን፣ ቻይናን፣ ቱርክን፣ እንግሊዝን፣ ፈረንሳይን አንድ በአንድ አስረዳሁ። የቻይናው ነጥብ አሳቃቸው፣ የጃፓኑ አስደነገጣቸው። የመርካቶውንም ነገርኳቸው። ጨርሼ ጥያቄ ያለው ስል ከኋላ ወንበር አንዲት ሠልጣኝ እጇን አወጣች። ስለ የትኛው አገር ልትጠይቀኝ ነው ብዬ ወደ ወረቀቱ ዞርኩ።

«የሰውየው እጅ ዳነ?» አለች።

የማውቀው የዓርቡን ነው። ስልኬን አውጥቼ ዓርብ ዕለት ቁጥሩን ለሰጠኝ ለደሳለኝ ደወልኩና ድምፁን ከፍ አደረግኩት። ቶሎ አላነሳም። ሠላሳ የሚሆኑ ሠልጣኞች ይጠብቃሉ። ሲያነሳ ከኋላው የመርካቶ ጫጫታ አብሮ ገባ፤ አንዱን መኪና ቆይ፣ ወደ ኋላ፣ በቃ እያለው ነበር። ክፍል ውስጥ እንዳለሁና ተማሪዎቼ ስለ እጁ እንደጠየቁ ነገርኩት።

 «ጣቶቼ መንቀሳቀስ ጀምረዋል» አለ። «እግዜር ይስጥልኝ በያቸው።»